አባየ ያልማሉት መሐላ

ለተወደድህ ወንድሜ ለአያ እስጢፋኖስ፤

እንደምን ሰነበትህ? ጤናህስ? የጁባ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እትዬ ሸዋረጋ ደህና ናት? ትንሿ ወንጌላዊትስ መራመድ ጀመረች? እኔ፣ ባለቤቴ አንዳርጋቸውና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደህና ነን። ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንንም ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ልዋሽህ አልፈልግም። ባለፈው ደውለህ «ምነው ድምፅሽ?» ስትለኝ ጉንፋን ነው ያልሁህ ፈርቼ ነው። ነገሩ በስልክ የሚወራ አይደለም። ጎረቤታችን አወቀ ለሥራ ወደ ጁባ ስለተነሣ በሱ ልኬልሃለሁ፤ ቁጭ ብለህ አንብበው። ሞት አይደለም፤ እስካሁን።

ከአባየ እርሻ ማዶ ያለውን አያ አላምረውን ታስታውሰዋለህ። ልጁ ወንድምአገኝ በኅዳር መጨረሻ ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ሲመለስ፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ ወንዙ መሻገሪያ ላይ ተተኩሶበት ተመታ። በቃሬዛ አውጥተው፣ ከዚያ በመኪና ጎንደር ሆስፒታል አደረሱት፤ ለብዙ ጊዜም ራሱን አያውቅም ነበር። ታናሻችን ፍቅረ ማርያም ደግሞ ቀደም ብሎ ከሱ ጋር በመስኖ ውሃ ተጣልቶ፣ ሰው ፊት ክፉ ቃል ተናግሮት ነበር። በዚያ ምሽት አውድማ ላይ ብቻውን ገብስ ሲጠብቅ ነበር። ያየው ሰው የለም።

ፖሊስ ወደኛ ቀበሌ መውጣት ካቆመ ቆይቷል። አያ አላምረው መላ ሲያጣ ጠበል ቦታ ወዳሉ አንድ ባሕታዊ ሄደ። እሳቸውም ጸልየው ሲያበቁ «ልጅህን የመታው ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ካለ ቤት የወጣ ነው» አሉት። ለአጥሩ የሚቀርበው የኛው የአባየ ቤት መሆኑን አንተም ታውቃለህ። ከዚያ ቀን ወዲህ አያ አላምረው ጠመንጃውን ከትከሻው አላወረደም። እማየ ውሃ ልትቀዳ እንኳ ብቻዋን መውጣት ተወች።

ሽማግሌዎቹ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱን ወገን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰበሰቡ። እኔም ሰምቼ ሄጃለሁ። አያ አላምረው ተነሥቶ ወደ አባየ እያመለከተ «ልጄን ያጠመቁት እኒህ ቄስ ሐብተ ማርያም ናቸው። ፍቅረ ማርያም በዚያ ምሽት ከአውድማው አልተነሣም ብለው በዚህ ደጅ ይማሉልኝ። እሳቸው ከማሉ ጠመንጃዬን አሁኑኑ አስረክባለሁ» አለ።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ተነፈስሁ። አባየ ግን መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። «በዚያ ምሽት እኔ ለሠርክ ጸሎት እዚህ ነበርሁ» አሉ። «ልጄን አላየሁትም። እንዳላደረገው ግን አምናለሁ። እግዚአብሔር መኖሩን የማምነውን ያህል አምናለሁ። ምን ታምናለህ ብትሉኝ ይኸው ነው። ያላየሁትን ግን አየሁ ብዬ አልምልም።»

ሰው ሁሉ አጉረመረመ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አያ መለሰ፣ «እምነትዎ ይህን ያህል ከጸና መማል ምን ያቅትዎታል?» አላቸው። እማየ ከሴቶቹ መሀል ወጥታ እግራቸው ላይ ወደቀች። «ስለ ልጅዎ ብለው ይማሉ፤ ኃጢአቱን እኔ እሸከመዋለሁ» አለች። አባየ ጎንበስ ብለው አነሷት፤ እንባቸው በጺማቸው ይወርድ ነበር። ከዚያ ወደ አያ አላምረው ዞረው «አንተም አላየህም፤ የነገሩህን አመንህ። እኔም ልጄን አመንሁ። በኔ ማመን ልጄን ነጻ አድርጉት አላልሁም። ባንተ ማመንም ደም አይፍሰስ» አሉት።

አያ አላምረው «ያልማሉት ስለሚያውቁ ነው!» ብሎ ጥሎን ሄደ። አገሩም እንዲያው አለ። አያ፣ ካንተ አልደብቅም፣ እኔም ለአፍታ እንዲያ ብዬ አሰብሁ። በጸሐፊነት በምሠራበት ፍርድ ቤት ምስክር ሲቆም ዳኛው «አየህ ወይስ ሰማህ?» ይሉታል፤ «አምናለሁ» ቢል የሚጽፍለት የለም። እኔው ነኝ የማልጽፍለት። የአባየን ነገር ከማንም በፊት መረዳት ነበረብኝ። ግን ወንድሜ ነው፤ ይማሉ፣ ይማሉ እያልሁ በልቤ ጮኼአለሁ።

ፍቅረ ማርያም በማግስቱ ወደኔ፣ ወደ ፀዳ ሸሸ። በር ሲንኳኳ ወደ ጓዳ ይገባል። ባጃጅ ደጃችን ላይ ቆሞ ሞተሩን ሲያጠፋ በመስኮት አጮልቄ አያለሁ። ልጆቼን አጎታችሁ አልመጣም በሉ ብዬ ውሸት አስተማርኋቸው።

ወንድምአገኝ ነቃ የሚል ወሬ ስሰማ አጥሚት ይዤ ሆስፒታል ሄድሁ። አንዳርጋቸው «አብደሻል?» ብሎኝ ነበር። አያ አላምረው ራስጌው ተቀምጧል። ሲያየኝ ፊቱ ጠቆረ፤ ግን አላስወጣኝም። «ፍቅረ ማርያምን አይተኸዋል?» ብሎ እኔው ፊት ልጁን ጠየቀው። ወንድምአገኝ በደከመ ድምፅ «ከኋላዬ ነው የመቱኝ። ማንንም አላየሁም። ነው አልልም፤ አይደለም አልልም» አለ። አያ አላምረው ኮሪደሩ ድረስ ተከትሎኝ መጣና «እስኪለይ ድረስ እኔ እጄን አላነሣም። ለወንድሞቼ ግን ዋስ አልሆንም» አለኝ። ደስ ይበለኝ ወይስ ልፍራ ሳላውቅ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ይህን ሲሰሙ አባየ «ልጁ ይምጣ፤ ተደብቆ አይኑር። ጥምቀትን ከኔ ጋር ታቦት ይከተላል» ብለው ላኩ። ለመንሁት፣ አለቀስሁ፤ እሱ ግን ቦርሳውን አንሥቶ ተነሣ። ዛሬ ጠዋት መናኸሪያ ሸኘሁት። አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ሲል እስካሁን የፈራሁትን ጠየቅሁት። «አንተ ነህ?» አልሁት። ዓይን ዓይኔን አየኝና «አይደለሁም» አለ። ቆይቶም «አባየ ሳይጠይቁኝ ነው ያመኑኝ» አለኝ። አመንሁት፣ አያ። ግን ማመኔን ለማን አሳየዋለሁ? ማመኔ ጥይት አይመልስለትም! ከመናኸሪያ እስከ ፀዳ በምን እንደመጣሁ አላውቅም።

እስከዚህ ጽፌ አቁሜ ነበር። አሁን፣ ወደ ማታ ላይ፣ ኔትወርክ ተመልሶ አባየ ደወሉ። ፍቅረ ማርያም ደርሷል። አባየ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ሄደው ተቀብለውት፣ በእግራቸው በአያ አላምረው ደጅ አልፈዋል። ሌላ መንገድ ነበር፤ እሳቸው ናቸው በዚህ እንሂድ ያሉት። አያ አላምረው ከወንድሞቹ ጋር በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሰላምታ አልተሰጣጡም። ውሻው እየጮኸ ሲወጣባቸው ግን አያ አላምረው ጎንበስ ብሎ አንገቱን ያዘው፤ እስኪያልፉም አልለቀቀውም። ከዚህ በላይ የማውቀው ነገር የለም።

አንተ ግን ሰማሁ ብለህ እንዳትነሣ፤ መንገዱ አይታመንም። በጸሎትህ አስበን። እትዬ ሸዋረጋን ሰላም ብላሻለች በላት፤ ወንጌላዊትን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ። አንዳርጋቸው እጅ ነሥቷል፤ ልጆቹ አጎታችን መቼ ይመጣል ይላሉ። እማየና አባየ መርቀውሃል። ፍቅረ ማርያምም ዛሬ ሲለየኝ አያን ሰላም በይልኝ ብሏል።

የምትወድህ እኅትህ ወለተሩፋኤል
ጎንደር፣ ፀዳ
ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.