ስልሳ አንድ ስም

ኖቬምበር 3፣ እሑድ። ከቀኑ 9 ሰዓት

ውድ ደብተሬ፣

እኔ ሐያት ሰዒድ፣ ዕድሜ 15፣ አድራሻ ሪያድ፣ መንፉሐ፣ ማንም ሳያስገድደኝ በሙሉ ፈቃዴ የሚከተለውን አምናለሁ፦ ዛሬ ከት/ቤት ስመለስ የኮሚቴውን ማኅተም የድመቷ ግንባር ላይ መትቻለሁ። ክብ፣ ሰማያዊ፣ ጥርት ያለ። ድመቷ ከዛሬ ጀምሮ የሰፈራችን መረዳጃ ኮሚቴ ንብረት ናት። ተጸጽቻለሁ። ብዙ ግን አይደለም።

ማኅተሙ እኛ ቤት የተቀመጠው አባዬ ጸሐፊ ስለሆነ ነው። ሊቀመንበሩ ጋሽ ሙሔ ናቸው (ከእንግዲህ ጋ/ሙ፤ ንግግራቸው ስለሚረዝም ስማቸው እንኳ ይጠር)። ሰው ሲታመም፣ ሲሞት ይደርሳሉ። ሌላ ጊዜ ይሰበሰባሉ። ሻይ ያልቃል፣ አጀንዳው አያልቅም።

ሌላም አለ፤ ይሄ አያስቅም። ትናንት የአቡ ሳሊም ሱቅ መስታወት በድንጋይ ተሰበረ። አቡ ሳሊም የመናዊ ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ማስቲካ ሲመርቅልኝ የኖረ ሰው። የወረወረውን አላየም፤ ሐበሻ ነው ብሏል ግን። ዛሬ ስገባ ያየው እጄን ነው። ፊቴን አይደለም፣ እጄን። ማስቲካም የለም።

ኖቬምበር 5፣ ማክሰኞ። ማታ 1 ሰዓት

ዑምዳው ጠሩን። ዑምዳ ማለት የሰፈሩ ሹም ነው፤ በነዋሪውና በፖሊስ መሀል የሚቆም። የኛው አቡ ናስር ይባላሉ። ሽማግሌ ሳዑዲ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው። ጋ/ሙ ኮት ለብሰው፣ አባዬ እስክሪብቶ ደረቱ ላይ ሰክቶ፣ እኔ በአስተርጓሚነት። (እነሱ ሃያ ምናምን ዓመት እዚህ ኖረው ዐረብኛቸው ከታክሲና ከቲማቲም አያልፍም።) አቡ ሳሊምም ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳ።

ዑምዳው ያሉት አጭር ነው። የየመን፣ የሐበሻ፣ የኛም ልጆች ይወራወራሉ፤ የፖሊስ መኪና በመጣ ቁጥር ሁሉም ይጎዳል። ሁለት የታመኑ ሰዎች ስምና ስልክ ስጡኝ። አንድ ነገር ሲፈጠር ከፖሊስ በፊት ለእናንተ ልደውል። አቡ ሳሊምም ሁለት ስም ይሰጣል። በቃ።

ጋ/ሙ ተነሡ። አሥር ደቂቃ ተናገሩ። ስለ ጉርብትና፣ ስለ ነቢዩ ዘመን፣ ስለ ኮምቦልቻ አየር። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እኔም፦ «እሺ ይላሉ።»

ዑምዳው ሳቁ። አቡ ሳሊም እንኳ ጢሙን ነካ ነካ አደረገ። ጥሩ ቀን መሰለኝ።

መንገድ ላይ ግን ጋ/ሙ ቆም አሉ። ሁለት ስም ብቻ? ነውር ነው። እነዚህ ሰዎች ሁለት ነፍስ ብቻ ያለን ይመስላቸዋል። ሁላችንም እንመዝገብ። አባዬ ዓይኑ በራ። መዝገብ ሲባል አባዬን ማየት ነው፤ ሌላ ሰው ሠርግ ሲጠራ እንዲህ ነው የሚሆነው።

ኖቬምበር 8፣ ዓርብ። ከሰዓት

ከጁምዓ በኋላ ቤታችን ገበያ ሆነ። አባዬ መስመር አሰመረ፦ ተራ ቁጥር፣ ስም እስከ አያት፣ ኢቃማ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ (አለ/የለም)፣ ምርመራ። አገር ቤት የእድር መዝገብ እንዲህ ስለሆነ እዚህም እንዲህ።

ሰልፉ እስከ ደረጃው ወርዷል። በእድር መዝገብ ላይ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ፤ ሰው አይደለህም ማለት ነው። ስለዚህ የሚደበቁት ሁሉ መጡ። እትዬ ጽጌ ከአሠሪያቸው ቤት ከጠፉ ሦስት ዓመታቸው፣ መንገድ የሚሻገሩት ተሸፋፍነው ነው፤ ዛሬ ግን ስማቸው አርባኛ መሆኑ አናደዳቸው።

«ሰዒድ፣ ወንድሜ፣ ከኋላዬ የመጣችው ሠላሳ ስድስት፣ እኔ አርባ? ክርስቲያን ስለሆንኩ ነው?»

«እትዬ ጽጌ፣ በወረፋ ነው።»

«ወረፋ ይዤ አልነበር? ሽንት ቤት ብሄድ ዜግነቴ ቀረ?»

ከሳቅ ብዛት ሻይ ደፋሁ። ጠቅላላ 61። ጋ/ሙ ከሩቅ አይተውት «ማሻአላህ» አሉ።

ኖቬምበር 9፣ ቅዳሜ። ጠዋት 4 ሰዓት

በዐረብኛ እንድገለብጠው ተሰጠኝ። ሰኞ ለዑምዳው ይገባል። የምርመራ ዓምዱን ላንብብልህ፣ የአባዬ እጅ ጽሑፍ ነው፦

ተ.ቁ 12፣ «የማያጨስ። ሚስቱን ይጨቀጭቃል።»
ተ.ቁ 34፣ ሐያት ሰዒድ፣ «ተማሪ። ምላሷ ረዥም ነው፤ በዕድሜ ይሻሻላል።» (እናያለን።)
ተ.ቁ 40፣ እትዬ ጽጌ፣ «ከአሠሪዋ የጠፋች። ቂም የሌላት።»
ተ.ቁ 57፣ ኸድር፣ «በየመን በኩል በባሕር የገባ። ኢቃማ የለም። እኛ ሰጥሕ ላይ ይኖራል። ጸባዩ ምስጉን።» (ሰጥሕ የምንለው ጠፍጣፋውን ጣሪያ ነው።)

እስከ 39 ድረስ እየሳቅኩ ጻፍኩ። 40 ላይ ዐረብኛው ወጣ፣ አነበብኩት። በአማርኛ ሳለ የአባዬ ደግነት ነበር። በዐረብኛ ሌላ ነገር ሆነ። የሚያስይዝ ነገር።

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

10 ሰዓት

ለአባዬ ነገርኩት። ዑምዳው ደግ ናቸው፣ ወረቀቱ ግን እሳቸው ጋ አይቀርም፤ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል፣ ከዚያ እስር፣ ከዚያ አውሮፕላን፣ አልኩት። ሁለት ስም ነው የጠየቁት፣ አልኩት።

አልጮኸም። ቢጮኽ ምን ነበረበት። ቁጭ ብሎ ስለዚያ ዓመት ነገረኝ። ትልልቆቹ «ያኔ» ብቻ ነው የሚሉት፤ አፈሳውና ድብድቡ የነበረበትን ጊዜ። ሦስት ዓመቴ ነበር። ሦስት ቀን መብራት አጥፍተው፣ እንዳላለቅስ እማዬ ተምር ስታጎርሰኝ። ለዚህ ነው ተምር የምጠላው? እስከ ዛሬ አላወቅኩም ነበር።

ያኔ ማንም አያውቀንም ነበር፣ አለ። ጎረቤት ስማችንን አያውቅም። ሐበሻ ብቻ ነበርን። አሁን ስማችንን ከነጸባያችን አውቀው ክፉ የሚያደርጉብን አይመስለኝም። ግማሹን ደብቀን ቢደረስብንስ? ማን ያምነናል ከዚያ?

እኔ ባለ ረዥም ምላሷ ሻይ ቀዳሁለት። ቀኑን መዝግበው።

ኖቬምበር 10፣ እሑድ። 11 ሰዓት

የፖሊስ መኪና ከረቡዕ ጀምሮ ቅያሱ አፍ ላይ ነው። የሚጠየቀው ኢቃማ ነው፣ የሚጠየቀውም የኛ መልክ ያለው። ት/ቤት ስሄድ ሁለቴ አሳየሁ። ከፊቴ የሄደው የአቡ ሳሊም ልጅ አንዴም አልተጠየቀም። ዞሮ አየኝና ጠበቀኝ። የአቡ ሳሊም ልጅ፣ ጠበቀኝ።

ኸድር ቀለም ቀቢ ነው። አምስት ቀን አልወጣም። ከሥራ ማጣት ብዛት የሰጥሑን ውሃ ጋን ሮዝ ቀብቶታል። ወጣሁ፤ ስለ 57 ነገርኩት። ስምህን ልተወው? አልኩት።

«ተይ ሐዩ፣ አትተይው።»

አበድክ እንዴ? ይወስዱሃል እኮ።

ብሩሹን በቤንዚን እያጠበ ነገረኝ። ጀልባው ላይ ከጎኑ የነበረ ልጅ ሞቶ አሸዋ ላይ ቀበሩት። እስከ ማታ አብረው ተቀምጠው ነበር፤ አንድ ብስኩት ለሁለት በልተዋል። ስሙን ግን አልጠየቀውም። ለእናቱ የሚነግር የለም። «ከዚያ ወዲህ ስሜ የሆነ ወረቀት ላይ ሰፍሮ አያውቅም። አባትሽ እስከ አያቴ ጠይቆ ሲጽፈኝ…» አለና ስለ ውሃው ጋን ቀለም ጠየቀኝ። ያምራል ወይ።

አያምርም። ያምራል አልኩት።

ኖቬምበር 11፣ ሰኞ። 9 ሰዓት ተኩል

አባዬና ጋ/ሙ ከዐስር ሶላት መልስ ዝርዝሩን ይዘውት ይሄዳሉ፤ ገልብጬ የጨረስኩ መስሏቸዋል። መስጊድ ናቸው። እማዬ ሥራ። ጊዜ አለኝ።

ያደረግኩት፦ ንጹሕ ወረቀት። ለክቡር ዑምዳ ረዥም ሰላምታ (ለጋ/ሙ ስል)። ከዚያ ሁለት ስም፣ ሁለት ስልክ። አባዬ፣ ጋ/ሙ። አለቀ። እንደተጠየቀው። የጀመርኩትን የዐረብኛ ዝርዝር ኩሽና ቀዳድጄ አቃጠልኩት። ጋ/ሙ ፖስታ ከታሸገ አይከፈትም ባይ ናቸው፤ እጥፋቱ ላይ ማኅተም ከተመታ ቁርኣን የነካ ያህል ነው። አባዬ የዐረብኛ ፊደል ያነባል፤ ሳይታሸግ ካየው 59 ሰው መጥፋቱን በአንድ እይታ ያውቃል። ስለዚህ ቶሎ ማሸግ። ያላ።

የአማርኛው መዝገብ አንተ ውስጥ ነው። ታጥፎ። 61ዱም ከነምርመራቸው። ኸድርም እስከ አያቱ። የሆነ ወረቀት ነህ አንተም።

ፖስታው እዚህ፣ ማኅተሙ እዚህ። አልመታሁትም። ሁለቴ አነሣሁ፣ ሁለቴ አስቀመጥኩ። ድመቷ ግንባር ላይ ምን ቀሎኝ ነበር።

ነገሩ ይሄ ነው፦ ብመታው ዛሬ ማንም አይያዝም። አባዬ ግን ዑምዳው ፊት 61 ሰው የያዘ እየመሰለው፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ባዶ ያህል ፖስታ ይሰጣል። አስተርጓሚዋ ደግሞ እኔ ነኝ። ዓይኑን እያየሁ። አባዬ ላይ ብዙ ስቄያለሁ፤ እንዲህ ግን ስቄበት አላውቅም።

በሩ ተከፈተ። መዝጊያው የሚጮኸው እሱ ሲገፋው ብቻ ነው። ዛሬ ለምን ቀድሞ መጣ?

ኮሪደር ላይ ነው። ማኅተሙ ከሳጥኑ መጥፋቱን አይቷል፤ ሳጥኑ ሲዘጋ ሰማሁት።

እስክሪብቶውን ካስቀመጥኩ ማኅተሙን አነሣለሁ፣ ስለዚህ እየጻፍኩ ነው። ቆሟል በሩ ላይ። ፖስታውን አየ። ጣቴ ላይ ያለውን ሰማያዊ ቀለም አየ። አልደብቀውም። አልመታውምም። የእትዬ ጽጌንና የኸድርን መስመር፣ ዑምዳው እንደሚሰሙት አድርጌ፣ በዐረብኛ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ቃል በቃል እተረጉምለታለሁ፤ ከዚያ ማኅተሙን እሰጠዋለሁ። ሁለቱን ስም ወይስ ስልሳ አንዱን፣ የቱን እንደሚያሽግ ይወስን። ጸሐፊው እሱ ነው

«ሐያት»