ለሽማግሌ ያልተከፈተ በር

አዳማ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኡበይደላ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ያደርግሃል? እዚህም ገና አልዘነበም። አባትህ ሱቁ ደጃፍ ላይ ውሃ ሲያርከፈክፍ ይውላል። ስልክ ላይ «ሁሉም ሰላም ነው» ከማለት ሌላ አልናገርም፤ ስለዚህ ይህን ወረቀት ለሾፌሩ ለጃራ ሰጥቼዋለሁ። መኪናውን ጅቡቲ ሲያራግፍ እጅህ ላይ ያደርሰዋል።

እህትህ ሱሃይላ ልትዳር ነው። በእኔ ምክንያት ግን ሊበላሽ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። የቤታችንን ልማድ ታውቃለህ፤ የኛ ሰው አያንኳኳም፣ ስሙን ተናግሮ ይገባል። ይህን ያመጣችው እናቴ ናት፣ በደርግ ጊዜ አንኳኩተው ወንድሟን ከወሰዱባት ወዲህ። አያቴም ወሎ ሳሉ የጭቃ ሹሙን በቅሎ ሰው ሳይቀመጥባት እንኳ ሲያዩ ብድግ ይሉ ነበር አሉ። በቅሎዋ ሞተች፣ መንግሥትም ተቀያየረ። እኔ ግን ልማዱን ለእናንተ አወረስኳችሁ። አምና አንኳኩተው ሲወስዱህ፣ ኋላም ለምን እንደያዙህ ሳይናገሩ ሲለቁህ፣ እናቴ ልክ ነበረች አልኩ።

ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። አባትህ አንድ እግር ጫማ አድርጎ ጓሮ ገባ። ሱሃይላ ልትከፍት ስትል እጇን ያዝኩ። ደጋግመው አንኳኩና ሄዱ።

ለካ ሽማግሌዎች ናቸው። ለሙስዓብ ሊጠይቁ፣ ከቡልቡላ ድረስ። ሙስዓብ የሽንኩርት ነጋዴ ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው። ሱሃይላ እንደሚመጡ እንጂ ቀኑን አታውቅም ነበር። ሽማግሌዎቹ ቤት ውስጥ ሰው እንዳለ ሰምተዋል፤ እምቢ የተባሉ መስሏቸው ተቀይመው ተመለሱ።

ሱሃይላ ማታ ይህን ከሙስዓብ በስልክ ስትሰማ አልጮኸችም። «እማ፣ ሰው ሊወስድ የመጣ ሁሉ ወታደር አይደለም» አለችኝ። አባትህ ሳቀ።

«አንተ ዝም በል፣ ባለ አንድ ጫማ!» አልኩት።

በማግስቱ እኔና እሱ ቡልቡላ ወርደን ይቅርታ ጠየቅን። ትልቁ ሽማግሌ ሐጂ ገመቹ ፊታቸውን አዙረው ተቀመጡ። ምክንያቱን ስነግራቸው ግን ዞሩ።

«እኛም ቤት ውሻ ሲጮህ መብራት እናጠፋለን» አሉኝ።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። በሩን ከንጋት ጀምሬ ወለል አድርጌ ከፍቼው ነበር። ሐጂ ደጃፉ ላይ ቆም ብለው «ሑስና፣ ዛሬስ በሩ አፉን ከፍቶ አፈጠረ?» አሉ። ሁሉም ሳቁ። ሱሃይላ ጓዳ ሆና ስትስቅ ሰማኋት።

ሰርጉ ከአረፋ በኋላ ነው። ሱሃይላ «ወንድሜ ሳይኖር ከዚህ ቤት አልወጣም» ብላለች። አባትህ ይምጣ ይላል። እኔ እስከ ትናንት አይምጣ ባይ ነበርኩ። ከሄድክ ወዲህ ስላንተ የጠየቀ የለም። አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቀው ነበር፣ እሱም ከርሟል።

ና። አላህ መንገድህን ያቅናልህ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። ስትደርስ ግን እንደ ድሮው «ኡበይደላ ነኝ» ብለህ አትጣራ፤ መንገድ ላይ ስምህን የሚሰማ አይጠፋም። አንኳኳ። ከእንግዲህ ማንም ቢያንኳኳ እከፍታለሁ፣ አንተ ብትሆንስ ብዬ።

እናትህ ሑስና