የድዋይት የዐሥር ዓመት ወለድ

ለምወድሽ እህቴ ለሞይራ፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው? ግሌንና ልጆቹ፣ ያ የሚቧጭረው ድመታችሁስ ደህና ናቸው? የሃሊፋክስ ጭጋግ ጤናሽን እንዳይነሳሽ ዘወትር እናስባለን። እኛ ከብርዱና ከጎረቤታችን በቀር ደህና ነን።

የቤታችን ብድር በሜይ አምስት ዓመት ስለሚሞላው በአዲስ ወለድ ይታደሳል። ባንኩ የላከው ደብዳቤ ስለ ታማኝነቴ ያመሰግነኝና ከሥሩ በወር ስድስት መቶ አርባ ዶላር ጨምር ይለኛል። ይህን ለመክፈል የምድር ቤቱን ክፍል ማከራየት ሊኖርብን ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ደግሞ እማዬ አለች።

ጎረቤታችን ድዋይት ቤቱን የገዛው እኔ በገዛሁበት ሳምንት ነው። እኔ ለአምስት ዓመት ስዋዋል እሱ ትንሽ ጨመር አድርጎ ወለዱን ለዐሥር ዓመት እንዳይለወጥ አሰረው። ያኔ «ሚስትህንስ ለስንት ዓመት ነው ያሰርካት?» ብዬ ሰፈሩን ያሳቅሁበት እኔ ነኝ። ዘንድሮ ጓሮው ውስጥ የሙቅ ውሃ ገንዳ አስተክሎ፣ በረዶ እየወረደበት፣ የሱፍ ኮፍያውን እንዳጠለቀ እስከ አንገቱ ተነክሮ ይውላል። በኩሽናችን መስኮት የሚታየኝ ጭንቅላቱ ብቻ ነው። እሱም ይበዛብኛል።

ቅዳሜ ዕለት ከገንዳው ሆኖ «ራንዳል፣ ያችን ደብዳቤ እንዳትፈርማት። መጀመሪያ የሚልኩት ወለድ ለሰነፍ ነው። ሌላ ባንክ ዋጋ አስጽፈህ አምጣባቸው» አለኝ። እሱ አትፈርም ካለማ እፈርማታለሁ ብዬ ብዕር አነሳሁ። ባለቤቴ ጃኒን ወረቀቱን ከእጄ መንጭቃ «ከድዋይት ጋር እልህ ተጋብተህ እናትህን ከክፍሏ ልታስወጣ ነው? በል ጫማህን አድርግ» አለችኝ።

ሌላው ባንክ ዝቅ ያለ ወለድ ጻፈልኝ። ያንን ይዤ ወደ ባንካችን ስመለስ ሠራተኛዋ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ እኔም ስላስቸገርኳት ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እንዲህ ስንባባል ጭማሪው ወደ ሦስት መቶ ወረደ። ማክሰኞ ለሌላ አምስት ዓመት ፈረምኩ። ያን ያህሉን ሳናከራይ እንችለዋለን፤ ክፍሉ የእማዬ እንደሆነ ይቆያል።

ቤት ስደርስ ድዋይት የእኛን ደጅ በረዶ ጠርጎ፣ እማዬ የምትወጣበት ደረጃ ላይ እንዳያንሸራትታት ጨው በትኗል። «እንዴት ሆነልህ?» ሲለኝ «ደህና» አልኩት። ሳላመሰግነው እማዬ ቀደመችኝና ለእራት ጠራችው። ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላ።

ማታ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ የእሱ ውልና የእኔ አዲሱ ውል የሚያልቁት በአንድ ሳምንት ነው። ያን ጊዜ ወለዱ ሰማይ እንዲነካበት ልመኝለት እንኳ አልችልም።

ግሌንን እጅ ንሺልኝ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ። ጃኒን በጣም ናፍቃሻለች። እማዬ ስልክ ደውዪ ብላለች። ድዋይትም ሰላም በልልኝ ብሎኛል፤ አድርሻለሁ።

ወንድምሽ ራንዳል
ሰድበሪ፣ ኦንታሪዮ
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2026