ለጋሽ መኮንን ያመጣሁት ካሴት

እሑድ፣ ሰኔ 4 ቀን 1998 ዓ.ም.

ዛሬም ማንም አላነበበም። ለምን እንደምንሰበሰብ እንጃ!

የንባብ ማኅበራችን ደንብ ቀላል ነው። ሻይ ከመቀዳቱ በፊት እያንዳንዱ ሰው በሳምንቱ ምን እያነበበ እንደሆነ ይናገራል፣ በቃ። አልማዝ ያንን የወንጀል ልቦለድ አሁንም አልጨረሰችም፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ ግን ነግራን ቁጭ አለች። ኃይሉ ስለ ሀብታምነት የተጻፈ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዞ ይመጣል፣ ይዞ ይሄዳል። ከፋሲካ ጀምሮ ምልክቱ ከነበረበት ገጽ አልተነቃነቀም። ወንድሜ ዮናስ "እኔ የዓለም ዋንጫ ፕሮግራም እያነበብኩ ነው" ብሎ ሰውን አሳቀ። እኔ የአንዲት ኡጋንዳዊት ልቦለድ ይዣለሁ፣ ከመንገድ የገዛሁት። በጣም ደስ ይላል፤ የመጨረሻዎቹ ገጾች ግን ተገንጥለዋል። ሻጩን ባገኘው!

ተራው ጋሽ መኮንን ጋ ሲደርስ "እኔን እለፉኝ" አሉ። በገዛ ቤታቸው፣ ራሳቸው ባቋቋሙት ማኅበር! አገር ቤት ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነበሩ። ካምፓላ መጥተን ግራ ሲገባን እኔንና ዮናስን እንደ አባት የያዙን እሳቸው ናቸው። የግራ ዓይናቸውን ግላኮማ ወስዶታል፤ ኦፕሬሽን ተደርጎ እንኳ አልዳነም። አሁን ቀኙም እየሄደ ነው። ሐኪሙ እሱንም ኦፕሬሽን ለማድረግ ለአርብ ቀጥሯቸዋል። "የጠፋውን አልመልስም፣ የቀረውን ግን ላቆየው እችላለሁ" ብሏቸዋል። እሳቸው አልሄድም ብለዋል። ለምን ስላቸው "ለምኑ ብዬ?" ይሉኛል።

እስከ አርብ ሐሳባቸውን ማስቀየር አለብኝ። እሳቸው ከሚኖሩበት ሐይቅ ዳር፣ ከጋባ፣ እስከ ቤቴ ታክሲው ውስጥ ተናድጄ ነበር፣ አሁንም እንደተናደድኩ ነው።

ሰኞ፣ ሰኔ 5

ቀኑን ሙሉ መብራት የለም። የኢንተርኔት ቤታችን ጄኔሬተር ደግሞ ተበላሽቷል። ደንበኛ ሁሉ የሚጮኸው እኔ ላይ፣ ባለቤቱም የሚጮኸው እኔ ላይ። መብራቱን እኔ ያጠፋሁት ነው የሚመስለው።

ባዶ ስክሪን ሳይ ቆይቼ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የአባቴ ካሴቶች! ዮናስ አልጋ ሥር ካርቶን ውስጥ አሉ። ልጆች ሆነን በሬዲዮ ይተረክ የነበረ የጠፈር ልቦለድ አለ፤ በረዷማ ፕላኔት ላይ ወድቀው መመለሻ ስላጡ ሰባት ሰዎች ነው። አባታችን ነፍሱን ይማረውና ከሬዲዮ ላይ አንድ በአንድ ቀድቶታል። ጋሽ መኮንንም ያንን ትረካ ሲያነሱ ፊታቸው ይበራል። ፈተና እያረሙ ሲሰሙት ለአንዱ ተማሪ ሳያነቡ ሙሉ ማርክ እንደሰጡ ስንት ጊዜ ነግረውናል።

ያንን ደግመው ቢሰሙ ልባቸው ይነሣል። ልቡ የተነሣ ሰው ደግሞ ሕክምና እምቢ አይልም። ሐሳቤ ይኸው ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 6

በምሳ ሰዓት ናኪቩቦ ገበያ ወርጄ ባትሪ ገዛሁ። ሻጩ "ኦሪጅናል ነው፣ ማዳም" ብሎ ምሎልኝ ነበር። የማለበት ነገር ሁሉ አይቅናው! ከሥራ በኋላ ጋባ ሄጄ ለጋሽ መኮንን ካሴቱን ከፈትኩ። ብዙም ሳይቆይ የተራኪው ድምፅ እየጎተተ ሄዶ ሄዶ እንደ በሬ ያገሳ ጀመር። ባትሪውን በጥርሴ ነከስ ነከስ አድርጌ መለስኩት፤ ትንሽ ነፍስ ዘራ። ከዚያ ደግሞ ቴፑ ካሴቱን በላው። በእርሳስ እያጠነጠንኩ አወጣሁት። ላብ በላብ።

የሚያበሽቀው ደግሞ ልቦለዱ ራሱ ነው። ልጅ ሆኜ ትንፋሼን ይዤ ነበር የምሰማው። አሁን ሳደምጠው የጠፈር መርከቧ ላይ ያሉት ሁለት ሴቶች አንዷ ታለቅሳለች፣ ሌላዋ ለካፒቴኑ ምግብ ታሞቃለች። ካፒቴኑ ከመስኮት ራቅ ባለ ቁጥር ንግግር ያደርጋል። እንዲህ ነበር እንዴ? ያም ሆኖ በረዶው መርከቧን ሲጫናት የሚሰማው ድምፅ ዛሬም ያስፈራል።

ጋሽ መኮንን ስወጣ "ደክመሻል፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብቻ። እንደ እንግዳ ሰው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 7

ጉድ ሆንን።

ጋባ ዛሬ መብራት ነበረ። አልማዝም መጣች፣ ዮናስም፣ ኃይሉ እንኳ ኳሱን ትቶ መጣ። ከመንገድ ሮሌክስ ገዝተን ገባን፣ ያቺ እንቁላል የተጠቀለለባት ቻፓቲ ጋሽ መኮንንን ታስደስታቸዋለች። ዛሬ ግን አልነኳትም። መጨረሻው ያለበትን አራተኛውን ካሴት አስገባሁ።

መርከቧ ነዳጅ አንሷታል። ሰባቱንም መሸከም አትችልም፤ አንድ ሰው ፕላኔቱ ላይ መቅረት አለበት። ሁሉም በሩ ላይ ቆመዋል። ተራኪው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ጋሽ መኮንን ወደ ቴፑ ጠጋ ሲሉ አየኋቸው፣ በዓይኔ አየሁ! "ካፒቴኑም እጁን አነሣና..." ቀጭ።

"እማዬ እንዴት ነሽ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። እትዬ ዘነበች እንዴት ናት? ጋሽ ይመር እንዴት ነው? ልጆቹ እንዴት ናቸው? ያቺ ጊደር ወለደች ወይ?"

ዮናስ!

እናታችን ማንበብ ስለማትችል ወሬያችንን በካሴት ቀድተን በመንገደኛ ነው የምንልክላት። ከዘመድ ስም በቀር ሌላ ነገር የለበትም። ዮናስ ባዶ ካሴት ሲያጣ የአባታችንን አንሥቶ፣ ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት የተሰበረችውን ቀዳዳ በወረቀት ወትፎ ቀዳበት። መሀል ላይ የቦዳ፣ የታክሲ ሞተር ሳይክል፣ ድምፅ ቢረብሸው በሌላ ካሴት ደግሞ ቀዳና ይኼኛውን ወደ ካርቶኑ መለሰው። የካሴቱ ገጽ እስኪያልቅ ሰላምታ ነው። ቀዬውን በሙሉ አዳርሶ በግ ቤት ገብቷል።

ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። እኔ ደሜ ፈላ። አባታችን ከሬዲዮኑ ጋር ተፋጦ የቀዳውን!

"ታዲያ የቀረው ማን ነበር?" አለ ኃይሉ። ከዚያ ወዲያ ጭቅጭቅ ሆነ። ኃይሉ ዶክተሩ ነው ይላል። አልማዝ "ኧረ ልጅቷ ናት፣ አልቅሼላታለሁኮ!" ትላለች። ዮናስ ደግሞ፣ ምን አፍ አለውና፣ ካፒቴኑ ራሱ ነው የቀረው ብሎ ድርቅ አለ። ጋሽ መኮንን በምርኩዛቸው ወለሉን መቱ።

"ዝም በሉ! አንዳችሁም አታውቁትም!"

"እርስዎስ፣ ጋሼ?" አልኳቸው።

ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና "ረሳሁት" አሉ። ያነበቡትን ወይም የሰሙትን ታሪክ ረሳሁ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። ሆድ ባሰኝ።

አልማዝ ቀስ ብላ "መጽሐፉ እኔ ጋ አለኮ" አትልም! "እስከ ዛሬ ምነው?" ብላት "ማን ጠየቀኝ?" አለችኝ። ላንብብልዎት ብትላቸው አልፈልግም አሉ። ተበታተንን። ዮናስን እስከ ቤት አላናገርኩትም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 8

ጠዋት ሥራ ላይ ጋሽ መኮንን ደወሉ። "ነይ" ብለው ዘጉት። ለባለቤቱ ጥርሴን አመመኝ ብዬ በረርኩ። መንገዱን ሁሉ ክፉ ክፉውን እያሰብኩ ነበር።

ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ መሀል በርጩማ አውጥተው ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ከሐይቁ የመጣ ዓሣ ተሸክመው እያለፉ "ሙዜ" (አባባ እንደ ማለት ነው) እያሉ ሰላም ይሏቸዋል፣ አይመልሱም። መጽሐፉን መነጽራቸው ላይ ለጥፈውታል። ጭንቅላታቸው አይነቃነቅም፤ የሚያንቀሳቅሱት መጽሐፉን ነው፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እንደ ሰፌድ። ለካ ሌሊቱን አልተኙም፤ ሲነጋ ለአልማዝ ደውለው በቦዳ አስመጥተውታል።

"ቁጭ በይ" አሉና አነበቡልኝ። አንድ ቃል፣ ከዚያ እረፍት፣ ከዚያ ሁለት ቃል። ጠዋት ጀምረው ሁለተኛው ገጽ ላይ ናቸው።

"ማን እንደሚቀር ደረሱበት?"

"ገና ነኝ።"

"ልይልዎት?"

"ወዮልሽ!" ብለው መጽሐፉን ጀርባቸው ሥር ደበቁት።

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። "ስሚ" አሉኝ፣ "እኔ ንባብ የተውኩት ዓይኔ ጨርሶ እምቢ ስላለኝ አይደለም። እንዲህ ወረቀት ላይ ተደፍቼ ሰው እንዲያየኝ አልፈልግም ነበር። አንቺ ያንን ካሴት ይዘሽ ስትገቢ ግን፣ በቃ፣ ልጄም በዓይኔ ተስፋ ቆርጣለች አልኩ።"

ክው አልኩ። እኔ እኮ ላድናቸው ነበር። ባትሪው፣ እርሳሱ፣ ላቡ፣ ያ ሁሉ መዋከብ "አለቀልዎት" ማለት ኖሯል! ይቅርታ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ወደ ሌላ ነገር ሄደው ነበር።

"ነገ በስንት ሰዓት ነው?"

አርብ፣ ሰኔ 9

ሁለት ሰዓት ላይ ሐኪም ቤቱ ደረስን። ጭንቅንቅ ነው። ጋሽ መኮንን ወረፋው ላይ ሆነው አንዲት መስመር ለማንበብ ሞከሩ፣ ብርሃኑ አልበቃቸውም። ነርሷ መጽሐፍ ይዘው መግባት አይችሉም ስትላቸው በእንግሊዝኛ ተከራከሯት፤ ልክ ድሮ ከትምህርት ቤት ዳይሬክተር ጋር ይከራከሩ እንደነበረው። ተሸነፉ።

ኦፕሬሽን ክፍሉ በር ላይ ዞር አሉ። "ይሄኛውም እንደ ግራው ቢሆንስ?"

አይሆንም ልል ነበር። "አላውቅም፣ ጋሼ" አልኩ።

"እኔም" ብለው እጄን ጨበጥ አድርገው ገቡ።

ዮናስ ከናኪቩቦ ሥራውን ጥሎ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። አኩርፌዋለሁ፤ ግን ትከሻውን አልገፋሁትም። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ "በደንብ ሄዷል" አለን። ፋሻው የሚፈታው ነገ ነው፤ እስከዚያ ምንም ማለት አልችልም አለ። ሌላ ሊነግረን ያልፈለገው ነገር ያለ መሰለኝ። ላይኖርም ይችላል፤ ሲጨንቀኝ የሁሉም ሰው ፊት እንደዚያ ይመስለኛል።

ነርሷ መነጽራቸውን በፕላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ይኼው ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እያየሁት ነው። የግራው መስታወት ተሰንጥቋል፤ ከኋላው የሚያይ ዓይን ስለሌለ አላሠሩትም። የቀኙ ላይ የመጽሐፉ ቀለም ተላልፎበት ጥቁር እድፍ ሆኗል። በነጠላዬ ጫፍ ቀኙን ጠረግኩት። ፈጽሞ እስኪጠራ ድረስ ጠረግኩት።