ገብስማዋን ዶሮ ማን ቂል አደረጋት?

ለምወድህም ለተቆጣሁህም ወንድሜ ለክንፈሚካኤል፤

እንደምን ከረምህ? ክረምቱንስ እንዴት አወጣኸው? ያ ደረትህን የሚያፍንህ ሳል ለቀቀህ ወይ? እናታችን ጤናህን ሳልጠይቅ ወደ ሌላ ነገር እንዳልገባ ስላስማለችኝ ነው ይህን ማስቀደሜ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን፤ ደኅና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም።

ባለቤቴ ቢሆነኝ ጠላትን ሊዋጋ ጫካ መግባቱን ታውቃለህ። ባለፈው ጥቅምት የቡሬው ሹም ከየቤቱ አንድ አንድ ልጅ ጣሊያን በከፈተው ትምህርት ቤት ይግባ ብሎ አዘዘ። እንቢ ብል ስለምጠረጠር ልጄን ታንጉትን ሰደድኋት። ፊደሉን ከእኔ ቆጥራ ስለነበር ወር ሳይሞላት ሥዕል ያለበት ቀጭን መጽሐፍ ይዛ መጣች። ከእናታችን እግር ሥር ተቀምጣ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ አንድ ተረት ከዳር እስከ ዳር ብቻዋን አነበበች። ገና ሰባት ዓመቷ ነው! እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

እልልታውን ግን ተውሁት። ያነበበችው የገብስማዋን ዶሮ ተረት ነበር። ኩፍኝ ይዞህ ስትቃጠል እናታችን ከራሷ አውጥታ የነገረችህ፣ ከቤታችን ውጭ ማንም የማያውቀው! በእናታችን አፍ ገብስማዋ የጎረቤት ዶሮዎችን ጠርታ ጭልፊቱን ታባርረዋለች። በመጽሐፉ ግን ገብስማዋ ቂል ናት፤ ጭልፊት እዋጋለሁ ብላ ጫጩቶቿን ጥላ ሄዳ በረሃብ ታስፈጃቸዋለች። ብልኋ ዶሮ ደግሞ ለጭልፊቱ «ጌታዬ» ብላ ትሰግዳለች። እናታችን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። ታንጉት ቀና ብላ «እማዬ፣ አባባ እንደ ገብስማዋ ነው?» አለችኝ። እስቲ አንተ መልስላት!

በማግስቱ መምህሩ «አባቱ እንደ ቂሏ ዶሮ ቤቱን ጥሎ የሄደ እጁን ያንሳ» አላቸው። ልጄ መልሱን በማወቋ ደስ ብሏት እጇን አነሳች። በሦስተኛው ቀን ባንዳዎች መጡ። ቢሆነኝ ያለበትን ንገር እያሉ አጎታችንን ዘሩን በሰደፍ ደብድበው ክንዱን ሰበሩት፤ ቤታችንን ከነጎተራው አቃጠሉት። አሁን የታንጉት የክርስትና እናት እናኑ ዘንድ ተጠግተናል።

መጽሐፉ ላይ የጸሐፊ ስም የለም። ነጋዴው መሐመድአወል ግን አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ፣ ጣሊያኖች ቢሮ ተቀምጠህ ለሕፃናት ማንበቢያ ተረት እንደምትጽፍ ነገረን። «ልጆች ፊደል እንዲለዩ ብዬ ነው፤ ምን ክፋት አለው?» አልኸው አሉ። ክንፈ፣ ሀ ሁ ያስቆጠርሁህ እኔ ነኝ! እንጀራ ቸግሮህ ደብዳቤያቸውን ብትተረጉም አልፈርድብህም ነበር። የሕፃን የመጀመሪያ ንባቡን መመረዝ ግን የትኛው ረሃብ ያዘዘህ ነው? የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ሲባል ስሰማ ለሰው ቤት የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

ታንጉት ከዚያ ወዲህ ፊደል ስታይ ፊቷን ታዞራለች። ቤታችንን ያቃጠለው የእሷ ንባብ ይመስላታል። እኔም ተረቱን እናታችን እንደምትነግረው አድርጌ፣ ባጫጭር ቃል፣ በብራና ቁራጭ ላይ ጻፍሁላት። ስድስት ቀን አልነካችውም። በሰባተኛው ውኃ ቀድቼ ስመለስ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለዘሩ ስታነብለት ከደጅ ሰማሁ። ጎረቤቶቹ ዶሮዎች ከሚመጡበት ስትደርስ ቆም ብላ «አጎቴ፣ ይኼኛው ነው እውነቱ?» አለችው። «ይኼኛው የእኛ ነው» አላት።

እንግዲህ ከዚያ ቢሮ ውጣ። አልወጣም ካልህም የእናታችንን ተረት አትንካ፤ የጌቶችህን ተረት ጻፍላቸው። የላክኸውን አቡጀዲ በመሐመድአወል እጅ መልሼልሃለሁ። ይህንንም ደብዳቤ ከበቅሎው ኮርቻ ውስጥ ሰፍቶ ያመጣልሃል፤ አንብበህ አቃጥለው።

ዘሩ ለአንተ የሚሆን ሰላምታ የለኝም ብሏል። እናኑ ለእናትህ ስትል ሰላም ትልሃለች። እናታችን «ምን ላድርግ፣ ልጄ ነው» ከማለት በቀር ቃል አልጨመረችም። ታንጉት በራሷ እጅ ልትጽፍልህ ብዕሩን ተቀብላኝ ነበር፤ ስምህን ጀመረችና ተወችው። ከግርጌ ለብቻዋ የቆመችው «ክ» የእሷ ናት።

እኅትህ እታለም
ከቡሬ ገጠር፣ ታኅሣሥ ፳፩ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ክ