የሻወሩን ቫልቭ ራሴ በየድኩት

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለጥበቡ። እኛ እዚህ ቴፒ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

የሚያፈሰውን የሻወር ቫልቭ ቅዳሜ ራሴ ቀየርኩት። ባለቤቴ አማረች «ባለሙያ እንጥራ» ስትለኝ፣ «ሠላሳ ዓመት የቡና ማጠቢያውን ቧንቧ የጠገንኩ ሰው ለአንድ ሻወር?» አልኳት። ውኃውን ዘግቼ አሮጌውን አወጣሁ፤ የመዳቡን ቧንቧ ጫፍ በጣቴ እየዳሰስኩ ወልውዬ አዲሱን ገጠምኩ። ስበይደው አማረች ከጎኔ ቆማ «እሳቱን ወደ ግራ፤ በቃ፣ ቀለጠ» እያለች ትነግረኝ ነበር። አውራ ጣቴን ትንሽ ለበለበኝ እንጂ ብየዳው ጥሩ ሆኗል፤ ጆሮዬን አስጠግቼ ባዳምጥ ጠብ የሚል የለም።

ይህንንም ደብዳቤ እየነገርኳት የጻፈችው እሷ ናት፤ የእጅ ጽሑፏ ከእኔ ይሻላል።

ለገና በሰላም ያገናኘን። በር ላይ ስትደርስ ግን ዝም ብለህ አትቁም፤ ስምህን ጥራልኝ፤ አሁን ሰው የምለየው በድምፁ ነው።

ወንድምህ ካሣዬ