አባባ የሚረግጡት ወለል

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ዛሬ ፋርስታን በሙሉ አጠብኳት።

እሺ… በሙሉ አይደለም። የማጸዳውን የገበያ ማዕከል ወለል። እሱንም ግማሹን፤ ማጠቢያ ማሽኗ ባትሪ ጨርሳ ጫማ ቤቱ በር ላይ ቆመችብኝ። እየገፋሁ ነው ወደ ማደሪያዋ ያስገባኋት። ግን ማን ያያል? አስተማሪያችን ባዩሽ «በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ጻፉ፣ ለራሳችሁ ነው፣ ማንም አያርምባችሁም» ብላናለች። የማታ ትምህርቱ ካለቀ ገና ሳምንቱ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ፊደል ሳልቆጥር ኖሬ፣ ይኸው ስለ ማሽን ባትሪ እጽፋለሁ። ከክፍሉ አንደኛ ነበርኩ። ከወንዶቹ ማለቴ ነው። ወንዶቹ ሁለት ነበርን።

ከሥራ ስመለስ ያቺ ሴትዮ ቤት አለች። ማገገሚያ ቤቱ የላካት፣ ቤት ለታማሚ ይመቻል አይመችም ብላ የምታይ። የባለቤቴን የነሲባን አባት፣ አባባ የምንላቸውን ሼሕ ጀማሉዲንን፣ ወደኛ ልናመጣቸው ነው። በበረዶው ጊዜ ሰፈራቸው ሃግሴትራ፣ ገና ከበራቸው ሲወጡ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ማገገሚያ ቤት ናቸው፤ በሮላቶር ነው የሚሄዱት፣ በዚያች ባለ ጎማ መደገፊያ።

የፊት ለፊቱን ደረጃ አይታ አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ደረጃ የሌለው መግቢያ ጋራዡ ብቻ ነው። በጋራዡ ገብተው፣ ከጎኑ ያለችው ክፍል የሳቸው ትሆናለች። መታጠቢያውም እዚያው ጋራዡ ውስጥ። ጥሩ አይደል? ያመጣቻትን ሮላቶር ገፋ አደረገች… ጎማው ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

«ይሄ ሳይሠራ እዚህ ሊገቡ አይችሉም» አለች።

«ካልተሠራስ?» ነሲባ ናት።

ካልተሠራ የአረጋውያን ቤት። በቋሚነት። አማርኛ የሚሰማ የሌለበት።

ነሲባ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። «እኔ እሠራዋለሁ! ኤፖክሲ ቅብ አለብሰዋለሁ! ወለል ሥራዬ ነው!»

«ሥራህ ማጠብ ነው» አለች ፈሂማ በስዊድንኛ። ልጄ ናት። አማርኛ በደንብ ትሰማለች፣ መልሷ ግን በስዊድንኛ ነው። ነገር ስትወጋ በተለይ።

ነሲባ ሰሃን እያጠበች፣ «ለአረፋ እቤት ቢሆኑልኝ…» አለች። አልጨረሰችውም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

አባባን ለማየት ማገገሚያ ቤቱ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። ምሳ ድንች። ትናንትም ድንች ነበር አሉ። ሠራተኞቹ ደጎች ናቸው፣ እየሳቁ ያልፋሉ፣ እሳቸውም መልሰው ይስቃሉ… ከዚያ በኋላ ግን ምን ያውሩ?

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ረቡዕ ነው አባባ።»

«እዚህ ሁሉም ቀን አንድ ነው።»

ስለ ኤፖክሲው አስረዳኋቸው። ሁለት ዓይነት ፈሳሽ ነው፣ ሲቀላቀል ድንጋይ ይሆናል፣ ያበራል፣ የንጉሡ ቤትም እንደሱ ያለ ወለል የለውም አልኳቸው። እጄን ያዙና፣ «ሸኪብ ልጄ፣ አንተ የሠራኸው ላይ ዐይኔን ጨፍኜ እሄዳለሁ» አሉኝ።

ለነሲባ አልነገርኳትም። ይሄ የኔ ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ጋራዡን ባዶ አደረግን። የፈሂማ የልጅነት ብስክሌት፣ እግር የሌለው ሶፋ፣ ማን እንዳስቀመጠው የማይታወቅ ሻንጣ። «ይሄን እንዳትጥለው» አለች ነሲባ። ያንንም። ያንንም። አሁን ሳሎናችን ጋራዥ ሆኗል።

ተገኝ የወለል መፋቂያ ማሽን ተከራይቶ ከሱንድቢበሪ በመኪናው ይዞልኝ መጣ። የሥራ ባልደረባዬ ነው። ነገ ቸርች አለው፣ ስለዚህ ዛሬ እንጨርስ ተባለ። በመጀመሪያ የዘይቱን እድፍ በሳሙና ፈተግን። ሲደርቅ ፋቅነው። አቧራው! እርስ በርስ መተያየት አቃተን። ማሽኑን ሳጠፋ ተገኝ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ነጭ ሆንክ እኮ! ዜግነቱን አሁን ገና ሰጡህ።»

አቧራውን በማሽን መጠጥን። ስንጥቆቹን ሞላን። ወገቤ… ተወው።

«ባለሙያ ጠርተህ ቢሆን አሁን ሻይ እየጠጣን ነበር» አለ ተገኝ።

«ባለሙያው እኔ ነኝ።»

«እሱ ነው እኔን የሚያስፈራኝ።»

እሑድ፣ ግንቦት 10

ቀባሁት!!

ፈሂማ ጣሳው ላይ ያለውን አነበበችልኝ። የስዊድኑ ጽሑፍ ገና ይከብደኛል። እኔ በአማርኛ ፊደል ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ይሄን ከዚያኛው ጋር ቀላቅል። መሰርሰሪያው ላይ ማማሰያ ገጥመህ አማስል። ከዚያ ቶሎ በል፣ ባልዲ ውስጥ ካቆየኸው እዚያው ይደርቅብሃል። ከጥግ ጀምረህ ወደ በሩ እያፈገፈግክ ቀባ። ራስህን ጥግ ላይ እንዳትዘጋ። (የመጨረሻዋን ጣሳው አላለም። ነሲባ ናት ያለችው።)

«ፓፓ፣ ውሃ የሚነካው ወለል ከሆነ አሸዋ ይነስነስበት ይላል።»

አሸዋ? መስታወት ላይ አሸዋ?

«እሱ ለመኪና ነው» አልኳት።

«መኪና አይልም።»

«እለፊው!»

ትከሻዋን ነቅንቃ አለፈችው። ሮለሩን፣ ያን ተሽከርካሪ መቀቢያ፣ ይዤ እያፈገፈግኩ በሩ ጋ ደረስኩ። ቀና ስል መብራቱ ወለሉ ውስጥ በርቷል። ግራጫ ነው፣ ግን እንደ ኩሬ ያለ ግራጫ። የጋራዡን በር መዝጋት አቃተኝ። ሰው ሁሉ ቢያይልኝ…

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ይጣበቃል። በጣቴ ነካሁት። አሻራዬ ቀረ። ነሲባ አየችኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ዛሬም ይጣበቃል። ብርዱ ይሆን? ተንቀሳቃሽ ማሞቂያ ፈልጌ አስገባሁ። ካልደረቀስ? አባባ እዚያ መስኮት ጋ ይቀራሉ ማለት ነው… በኔ አፍ ምክንያት። ሥራ ቦታ ሲጠይቁኝ «ድንጋይ ሆኗል» አልኩ። ማንን ነው የማታልለው?

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ደረቀ! አልሐምዱሊላህ ደረቀ!

በጫማ ሄድኩበት። ዘለልኩበት። ጎንበስ ስል ጢሜን አየሁት፤ ሸብቷል ለካ። ሴትዮዋ የተወችልንን ሮላቶር ከጫፍ ጫፍ ገፋኋት፣ ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላ ሄደች። ለፋርስታ ሰው በሙሉ ተናገርኩ። እሺ፣ ለጥበቃው፣ ለአበባ ሻጯና ለማላውቀው አንድ ሰውዬ።

ተገኝ ቅዳሜ መጥቶ አያለሁ አለ። ይምጣ። መነጽር ይዞ ይምጣ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። በጎኔ ተጋድሜ ነው የምጽፈው።

ተገኝ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ። «ሸኪቤ፣ እውነት ያንተ እጅ ነው?» አለ። እኔ ታዲያ ልቤ አብጦ… የአስር ሶላት ደርሶ ነበርና እዚያው መታጠቢያው ላይ ውዱእ እያደረግኩ ወሬዬን ቀጠልኩ። እግሬን ታጠብኩ። ውሃው እየተንጠባጠበ፣ በባዶ እግሬ፣ እጄን ዘርግቼ፣ «አየህ ተገኝ፣ ወለል ማለት…» ስል ጣሪያውን አየሁት።

በቂጤ ነው የወረድኩት። ድምፁን ነሲባ ፎቅ ላይ ሆና ሰምታዋለች።

ተገኝ ሮጦ ሊያነሳኝ መጣና እሱም ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ነሲባ ወርዳ በሩ ላይ ቆመች። ሳቅ ጠብቄ ነበር። አልሳቀችም። ወለሉን አየች፣ የረጠበ እግሬን አየች፣ መታጠቢያውን አየች።

«አባቴ ቢሆኑስ?» አለች።

እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነው። አባባ በቀን ለአምስት ሶላት እዚህች ቦታ ላይ እግራቸውን ታጥበው፣ እንደረጠቡ፣ እዚህችው ላይ ነው የሚራመዱት። በረዶ የሰበራቸውን አዛውንት እኔ ቤቴ ውስጥ በረዶ ሠርቼ ልጠብቃቸው ነበር። የሚያበራ በረዶ።

በየቀኑ ፋርስታ ላይ ያቺን ቢጫ ምልክት የምተክል ሰው! የሚንሸራተት ሰው ሥዕል ያለባትን! ሰውዬው ለካ እኔ ነኝ።

ተገኝን «ሆን ብዬ ነው የወደቅኩት፣ እየሞከርኩት ነበር» አልኩት። «ፊትህ ላይ ያስታውቃል» አለኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 17

መቀመጥ አልችልም። ቆሜ በላሁ።

ግን የሚገርመው ደስ ብሎኛል። ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የመጣልኝ ምንድን ነው? እሳቸው አልወደቁም። እኔ ነኝ የወደቅኩት። እንዲህ ደስ ያለኝ ውድቀት የለም። ሲያመኝ ደግሞ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ፈሂማ አበደ ብላለች።

ማታ ጎኔ መጥታ ተቀመጠች። «አሸዋ ይላል ብዬህ ነበር» ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም። ስልኳ ላይ አሸዋው የትኛው ሱቅ እንዳለ አሳየችኝ። እሱ ባሰብኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ትናንት ወለሉን ፋቅኩት። መስታወቴን። በብርጭቆ ወረቀት፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ብርሃኑ እስኪጠፋ። ጢሜ ከወለሉ ውስጥ ቀስ እያለ ጠፋ… እውነቱን ልጻፍ፣ አንጀቴን በላኝ።

ዛሬ ሁለተኛውን ቅብ አለበስኩት። እኔ ቀባሁ፣ ፈሂማ አሸዋውን በወንፊት ነሰነሰች፣ እኔ ቀባሁ፣ እሷ ነሰነሰች። ደቃቅና ነጭ ነው፣ ስኳር ይመስላል። «እዚህ ጋ» አለችኝ፣ «እዚህም»። በአማርኛ! ዝም አልኩ። ካወራሁ መልሳ በስዊድንኛ ትቀጥላለች ብዬ ፈርቼ።

ማሞቂያውን ቀድሜ አስገብቻለሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 22

ደርቋል። አያበራም። ነገር ያስጠላው ሰው ፊት ይመስላል። በባልዲ ውሃ ደፋሁበት፣ በባዶ እግሬ ቆምኩ፣ ተራመድኩ፣ ተሽከረከርኩ። እግሬን ያዝ ያደርገኛል። ነሲባም ሞከረችው። ወደፊት፣ ወደኋላ። ከዚያ ጫማዋን ይዛ ወደ ላይ ወጣች። ደረጃው ላይ ስታንጎራጉር ሰማሁ።

ተገኝ ከሥራ ያቺን ቢጫ ምልክት አምጥቶ ጋራዡ መሐል ተክሎልኝ ሄደ። «ማስታወሻ ናት» አለኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 26

ሴትዮዋ መጣች። ሮላቶሯን ገፋች። ተመለሰች። ከመታጠቢያው በእፍኟ ውሃ ወሰደችና ወለሉ ላይ ረጨች! የተማረች ናት። በጫማዋ ጫፍ ፈተገችው፣ ክብደቷን ጣለችበት።

እኔ በዚህ ሁሉ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ነሲባ ትመስክር።

«ብራ» አለች። ጥሩ ነው ማለቷ ነው። እንዲህ ያለ አጭር ቃል፣ እንዲህ የሚጣፍጥ አላውቅም። መታጠቢያው ጎን ግድግዳ ላይ የእጅ መያዣ ይተከል አለች፣ ከዚያ ይግቡ። «ማነው የሠራው?» ብላ ጠየቀች።

«ልጄና እኔ» አልኩ።

ነሲባ ዞር ብላ ፊቷን ታጠበች። ስታለቅስ እንዳላይ ነው። አየሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 29

አረፋ። አባባ እቤት ናቸው። ትናንት አመጣናቸው።

የስዊድንም ብሔራዊ ቀን ዛሬ ነው፣ መንገዱ ሁሉ ባንዲራ። ጎረቤታችን ቶሚ ግቢው ላይ ሲሰቅል አገኘሁት። «ለበዓላችን ብለህ ነው? ይሄን ያህል ባልደከምክ» አልኩት። ከሰዓት በኋላ ሥጋ ልኬለታለሁ።

ግን የጠዋቱን ልጻፍ። አባባ ለበዓሉ ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ወጡ። ከኋላቸው ቆምኩ። እጃቸውን መያዣው ላይ አድርገው አንዱን እግር ታጠቡ፣ ከዚያ ሌላውን። ውሃው ይወርዳል። ሮላቶሯን ትተው ዞር አሉ። እኔ እጄን ግራና ቀኝ ዘርግቼ ተከተልኳቸው።

«እጅህን ሰብስብ! ዶሮ ነኝ እንዴ የምታባርረኝ?»

ሰበሰብኩ። እሳቸው ሄዱ። ቀስ ብለው፣ እግራቸው እንደረጠበ፣ ወለሉን እያዩ። መሐል ላይ ቆሙ። ልቤም ቆመ።

«ይኮሰኩሳል» አሉ።

«አዎ አባባ።»

«እንደ ወረኢሉ መንገድ።» ጣቶቻቸውን ወለሉ ላይ አንቀሳቀሱ። «ጥሩ ነው። እግር የት እንዳለ ያውቃል።»

ሄደው ክፍላቸው ገቡ። ነሲባ ልብሳቸውን ይዛ በሩ ላይ ስትጠብቃቸው ነበር። እኔ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ቂጤ አሁን አያመኝም።

አሁን ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩት ሁሉንም። ማንበብ መቻል ጣጣው ይሄ ነው። ግንቦት 6 ላይ አባባ «አንተ የሠራኸው ላይ ዐይኔን ጨፍኜ እሄዳለሁ» አሉኝ ብዬ ጽፌያለሁ። አላሉም። እጄንም አልያዙም። ያን ቀን ንግግሬን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ ያሉኝ፣ «ሰው ብትቀጥሩ አይሻልም?» ነው። ማንም ለማያየው ለምን እንደዋሸሁ እኔንም ገርሞኛል። እንዲያ እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር መሰለኝ።

ልሰርዘው ብዬ ነበር። ይቅር። ዛሬም ዐይናቸውን አልጨፈኑም፣ ወለሌን አፍጥጠው እያዩ ነው የሄዱበት። ስለ ሰው መቅጠሩም ልክ ነበሩ… ስለ መጀመሪያው ቅብ ብቻ።